ሯጭና መሪ፦ ከደቅ እስከ ፓሪስ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ የዘጌን ባሕረ ገብ መሬት በግራ እየተወ ወደ ሰሜን የሚሄድ ጀልባ፣ ከጣና ደሴቶች ሁሉ ሰፊ የሆነውን ደቅን ያገኛል። በምዕራብ ዳርቻው እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ አለ። በሌላው በኩል የነገሥታት አፅም ያረፈበት ዳጋ እስጢፋኖስ ጫካውን ተከናንቦ ከውኃው ብቅ ይላል። ደቅ የእግረኛ አገር ነው። ሰው ከቤቱ ወደ ማሳው፣ ከማሳው ወደ ደብሩ፣ ከደብሩ ወደ ታንኳ መድረሻው በእግሩ ይሄዳል። እንዲህ ባለ አገር ዓይኑን ያጣ ሰው ቀጥሎ የሚያጣው መንገዱን ነው። መንገዱን ሲያጣ ቤት ይውላል፤ ቤት ሲውል ጉልበቱ ይላላል፤ ጉልበቱ ሲላላ ደግሞ ጎረቤቱ «ድሮም አይችልም» ብሎ ይፈርድበታል።

በጣና ዙሪያ ለዚህ ችግር ከሁሉ ቀድሞ መላ ያገኘው የአብነት ትምህርት ቤት ነው። ዓላማው ስፖርት አልነበረም፤ ነገር ግን ዓይነ ስውሩን ልጅ ከምድጃ ዳር አንሥቶ መንገድ ላይ ያዋለው እሱ ነው። ትምህርቱ በቃል የሚወርድ ስለሆነ ዓይን ያለውና የሌለው ተማሪ ከመምህሩ እግር ሥር እኩል ይቀመጣሉ። ድጓውን በጆሮው የሚቀበል፣ ቅኔውን በልቡ የሚቆጥር ልጅ ብራና ባያይም አይቀርበትም። ከዓይነ ስውራን መካከል ታላላቅ የቅኔና የዜማ መምህራን የወጡት ስለዚህ ነው።

ትምህርቱ ግን አንድ ቦታ አይገኝም። ቅኔ ፈላጊው ዋሸራ፣ ድጓ ፈላጊው ጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ፈላጊው ዙር አባ መውረድ አለበት። ዓይነ ስውሩ ተማሪም ይህንን ሁሉ አገር በእግሩ አዳርሶታል። ብቻውን አይሄድም። ብዙ ጊዜ ከእሱ የሚያንስ ልጅ የዱላውን አንድ ጫፍ ይዞ ከፊት ይቀድማል፤ እሱ ሌላውን ጫፍ ይዞ ይከተላል። ልጁ «ድንጋይ»፣ «ቁልቁለት»፣ «ውኃ» እያለ ይነግረዋል። በምላሹ ትምህርት ያገኛል፤ ከለመኑት ቁራሽም ይካፈላል። በዱላው በኩል የመሪው እርምጃ ሲፈጥንና ሲዘገይ፣ ሲወጣና ሲወርድ ለተከታዩ ይደርሰዋል። ይህን ትንሽ ነገር አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ከብዙ ዘመን በኋላ ፓሪስ ላይ እናገኘዋለንና።

ዓይነ ስውሩን ልጅ ያንቀሳቀሰው ሌላው ትምህርት አቋቋም ነው። ካህናቱ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው፣ በከበሮ ታጅበው ሌሊቱን ሙሉ ሲያዜሙ ያየ ሰው ነገሩ ጸሎት ብቻ ሳይሆን ብርቱ የሰውነት ሥራ መሆኑን አይስተውም። ጉልበት ይታጠፋል፣ ወገብ ይዘነበላል፣ ትከሻ ይወዛወዛል፣ እግር ምድርን ይመታል፤ ይህ ሁሉ በባዶ ሆድ፣ በጾም ቀን ለሰዓታት ይቀጥላል። ዓይነ ስውሩ ደብተራ በዚህ ሰልፍ ውስጥ ይቆማል። ስልቱን የሚነግረው የከበሮው ምት፣ የመቋሚያው ድምፅና ከጎኑ ያለው ሰው ትከሻ ነው። ስለዚህ ውዝዋዜ፣ ስለ ዝማሜ ከተነሣ ደግሞ የጣናን ዳር ልጅ አለቃ ገብረ ሐናን ማለፍ አይቻልም። ሰዉ በቀልዳቸው ብቻ የሚያስታውሳቸው እኚህ የፎገራ ናበጋ ጊዮርጊስ ተወላጅ፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከጣና ደሴቶች በአንዱ፣ በሬማ መድኃኔዓለም ተቀምጠው ሳለ የሐይቁን ማዕበል ወዲያና ወዲህ ማለት አይተው አዲስ የዝማሜ ስልት እንዳወጡ ይነገራል። ጎንደሮች አልቀበል ቢሏቸው ልጃቸው ተክሌ ደብረ ታቦር ላይ አስፋፋውና ስልቱ እስከ ዛሬ «የተክሌ» ይባላል። ማዕበሉን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ተማሪ ማዕበሉን በገዛ ሰውነቱ ይማረዋል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ሳወድስ አንድ ነገር መሸፈን አይገባኝም። በሩ ለወንድ ልጅ ብቻ ነበር የተከፈተው። ዓይኗን ያጣች የደቅ ልጅ ዱላ ይዞ የሚመራት፣ ዋሸራ የሚያደርሳት፣ ከማኅሌቱ ሰልፍ የሚያቆማት አልነበረም። እሷ ቤት ቀረች። ወፍጮ ፈጨች፣ ልጅ አዘለች፤ መንገድና ጨዋታ ግን ተከለከለች።

ዓይነ ስውራን በስፖርት ስም በስፋት መሰባሰብ የጀመሩት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ጦርነቱ በአውሮፓ ብዙ ወጣቶችን ዓይን አሳጥቶ ነበርና እ.ኤ.አ. በ1946 ኦስትሪያዊው ሐንስ ሎሬንሰንና ጀርመናዊው ሴፕ ራይንድል ለእነዚህ ወታደሮች ጎልቦል የተባለውን ጨዋታ ፈጠሩላቸው። ውስጧ ቃጭል ያለባትን ኳስ አንዱ ቡድን መሬት ለመሬት ይወረውራታል፤ ሌላው ቡድን ድምጿን ሰምቶ በሰውነቱ ተዘርግቶ ያግዳታል። ተመልካቹ ዝም እንዲል የሚገደድበት ጨዋታ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሐኪሙ ሉድቪግ ጉትማን በእንግሊዝ ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል አከርካሪያቸው ለተጎዳ ሰዎች ውድድር ጀመረ። ፓራሊምፒክ ከዚያ ተወለደ።

እ.ኤ.አ. 1960 ለእኛም ለዓለሙም ልዩ ዓመት ነበር። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ አመሻሽ ላይ፣ አበበ ቢቂላ ሮምን በባዶ እግሩ ሮጦ የማራቶን ወርቅ አጠለቀ። ሳምንት ያህል ቆይቶ በዚያው ከተማ ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ የሚቆጠረው ውድድር ተከፈተ፤ 400 ያህል ስፖርተኞች ተሰልፈውበታል። ሁሉም በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሱ ነበሩ፤ ለዓይነ ስውር ገና ቦታ አልተሰጠም። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር ተመሠረተ። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሰበታ ላይ የተከፈተው መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤትም ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ልጆችን በብሬል ያስተምር ነበር። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ለዓይነ ስውሯ ልጅ ከአብነቱ ቤት የተለየ አንድ ነገር ይዞላት መጣ፤ እሷንም ተቀበላት። የአዳሪ ትምህርት ቤት ግቢ ደግሞ ለዓይነ ስውር ልጅ ትልቅ ነገር ነው። ጓደኛ አለው፣ አጥሩንና ጥጉን በእግሩ የለካው ሜዳ አለው፣ «ትወድቃለህ» እያለች የምትጠራው እናት ከደጃፍ የለችም።

ኢትዮጵያ ፓራሊምፒክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1968 ቴል አቪቭ ላይ ነው። በሚቀጥለው ዓመት አበበ ራሱ በሸኖ አካባቢ በመኪና አደጋ ሽባ ሆነ። ስቶክ ማንድቪል ታከመ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 እዚያው በቀስት ውርወራ ተወዳደረ፤ በዓመቱ ደግሞ ኖርዌይ ሄዶ ውሻ በሚጎትተው የበረዶ ጋሪ የ25 ኪሎ ሜትሩን ውድድር አሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ1973 እስኪያርፍ ድረስ የኢትዮጵያ ሕዝብ ጀግናውን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ አየው። ያ ምስል «የአካል ጉዳተኛ ስፖርተኛ» የሚለውን ሐሳብ ለሀገሩ ሕዝብ ያስተዋወቀ ይመስለኛል። ለዓይነ ስውሩ ግን አበበን የሚያህል አርአያ ገና አልመጣለትም።

ዓይነ ስውራን ፓራሊምፒክ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1976 ቶሮንቶ ላይ ነው። ጎልቦልም የሜዳሊያ ውድድር ሆነ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1981 ዓለም አቀፉ የዓይነ ስውራን ስፖርት ፌዴሬሽን ፓሪስ ላይ ተቋቋመ፤ ተወዳዳሪዎችም እንደ ዕይታቸው መጠን በሦስት ተከፈሉ። ዛሬ በሩጫ ቲ11 የሚባለው ምንም ወይም ከሞላ ጎደል ምንም የማያየው ነው፤ ሁሉም እኩል እንዲሆኑ ዓይናቸው ይሸፈናል፤ ያለ መሪ ሯጭም አይሮጡም። ቲ12 ጥቂት የሚያየው ነው፤ መሪ ከፈለገ ይይዛል። ቲ13 ከሁለቱ የተሻለ ዕይታ ያለውና ብቻውን የሚሮጥ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1976 እና በ1980 ተካፍላ ከዚያ ጠፋች። እስከ አቴንስ 2004 ድረስ 24 ዓመት አንድም የፓራሊምፒክ ልዑክ አልነበራትም። ጦርነት፣ ድርቅና ስደት በበዛበት ዘመን ይህን የታዘበ ሰው ጥቂት ነው፤ የሮጠ ልጅ ቢኖርም እንኳ የሚወስደው አልነበረም።

ኢትዮጵያ ወደ ውድድሩ በተመለሰች በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው ብሔራዊ የዓይን ጤና ጥናት የችግሩን ስፋት በቁጥር አሳየ። ከመቶው ሕዝብ 1.6 ዓይነ ስውር፣ 3.7 ደግሞ ዕይታው የደከመ ነበር። ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ ግርዶሽ የመጣ ሲሆን ትራኮማም ተከታዩን ድርሻ ከያዙት አንዱ ነበር። በትራኮማ ደግሞ ከአማራ ክልል የባሰበት አልነበረም፤ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ካሉ የክልሉ ሕፃናት ከመቶ 60 በላይ የሚሆኑት የነቃ ትራኮማ ተገኝቶባቸዋል። የጣና ዳር ሰው ይህን በሽታ ያለ ቁጥርም ያውቀዋል። ዝንብ ከፊት ላይ የማይጠፋበት ሕፃን፣ ኋላም ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኗን እየፋቀ በወረንጦ የምትነቅል እናት በየመንደሩ ነበሩ። ልጆቿን የምታጥበው እናት ከአባት ይልቅ ትጎዳለች። የካርተር ማዕከልና የክልሉ ጤና ቢሮ መድኃኒት በማደልና ሽፋሽፍት በማስተካከል ብዙ ሰው አድነዋል። ነገር ግን ዓይኑን አስቀድሞ ላጣው ሰው ከሕክምናው በኋላ የሚጠብቀው ነገር አልተዘጋጀለትም። መድኃኒት ወደ ደሴት በጀልባ ደርሷል፤ ቃጭል ያላት ኳስ ግን ገና በመንገድ ላይ ናት።

እ.ኤ.አ. በ2010 ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አጸደቀች። የስምምነቱ 30ኛ አንቀጽ አካል ጉዳተኞች በስፖርትና በመዝናኛ ከሌላው እኩል እንዲካፈሉ፣ ሕፃናቱም በትምህርት ቤት ጨዋታ ቦታ እንዲያገኙ መንግሥትን ያስገድዳል። ወረቀቱ ጥሩ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ለንደን ላይ ወንድዬ ፍቅሬ በ1500 ሜትር ብር አመጣ፤ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የፓራሊምፒክ ሜዳሊያ። ወንድዬ የሮጠው የእጅ ጉዳት ላለባቸው በተመደበው ክፍል ነበር። ከዓይነ ስውራኑ ምድብ ሜዳሊያ የመጣው ቀጥሎ ነው፤ ሲመጣም በማይረሳ ቀን መጣ።

መስከረም 1 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ፣ ሪዮ ላይ የቲ13 ወንዶች የ1500 ሜትር ፍጻሜ ተሮጠ። አልጄሪያዊው አብደላጢፍ ባካ በ3 ደቂቃ ከ48.29 ሰከንድ ቀደመ፤ ታምሩ ደምሴ በ3፡48.49 ተከተለው። ከሳምንታት በፊት በዚያው ስታዲየም የኦሊምፒኩን ወርቅ የወሰደው አሜሪካዊው ማቲው ሴንትሮዊትዝ የገባው በ3፡50.00 ነበር። ዕይታቸው የደከመው አራቱ ቀዳሚዎች በሙሉ ከእሱ ፈጥነው ገቡ። እርግጥ የኦሊምፒኩ ሩጫ በዝግታ የተጀመረ፣ የስልት ሩጫ ነበርና «ከኦሊምፒክ ሻምፒዮን ይበልጣሉ» ማለት ልክ አይሆንም። ቢሆንም ዜናው ዓለምን ዞረ። ታምሩ የመጨረሻውን መስመር ሲያልፍ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ማራቶን ሯጩ ፈይሳ ሌሊሳ እንዳደረገው እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ ነበር፤ የሀገሩን ወቅታዊ ቁስል ይዞ ነው የሮጠው። ዓይነ ስውር ስፖርተኛ ለሰው የሚታየው በጉዳቱ ብቻ ነው ለሚል ሁሉ ያ ምልክት በቂ መልስ ነበር። ሰውየው ዜጋ ነው፣ የሚናገረው አለው።

ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ፣ ኮሮና ባዶ ባደረገው ስታዲየም፣ ትዕግስት ገዛኸኝ በቲ13 ሴቶች 1500 ሜትር በ4፡23.24 አሸነፈች። ኢትዮጵያ በፓራሊምፒክ ወርቅ ስታገኝ ያ የመጀመሪያዋ ነበር። ከሮም ማራቶን 61 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ሀገሪቱ በዚያ ወር በሰሜኑ ጦርነት ተወጥራ ስለነበር ደስታው የሚገባውን ያህል አደባባይ አልወጣም።

ከዚያ ፓሪስ መጣ። ነሐሴ መጨረሻና ጳጉሜን 2016 ዓ.ም. በተካሄደው ፓራሊምፒክ ኢትዮጵያ ሦስት ሜዳሊያ አገኘች። ሦስቱም በ1500 ሜትር፣ ሦስቱም በዓይነ ስውራን ምድቦች ነበሩ። ትዕግስት የቶኪዮ ወርቋን ደገመች። ይታያል ስለሺ በቲ11 ወንዶች የዓለምን ክብረ ወሰን ከሰበረው ብራዚላዊ የልትሲን ዣክ ቀጥሎ ብር ወሰደ። በቲ11 ሴቶች ደግሞ ያየሽ ጌቴ ከመሪዋ ከክንዱ ሲሳይ ጋር ተያይዛ በ4፡27.68 ገባች፤ አዲስ የዓለም ክብረ ወሰን። በቶኪዮ በዚሁ ምድብ ወርቅ ያስገኘው ሰዓት 4፡37.40 ነበር። በአንድ ፓራሊምፒክ ልዩነት አሥር ሰከንድ ያህል ማውረድ በ1500 ሜትር የሚያስደነግጥ ነገር ነው።

ያየሽ የሮጠችበትን መንገድ ቀረብ ብለን እንየው። ዓይኗ ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል። በእጇና በክንዱ እጅ መካከል ከክንድ ያጠረች ገመድ አለች። እጆቻቸው እኩል ይወዛወዛሉ፤ ብዙ ጊዜ የእሷ ግራ እግር ሲነሣ የእሱ ቀኝ ይነሣል፣ ተጠማዛዡ ላይ ሲደርሱ በገመዱና በቃል ይነግራታል። ሊጎትታት አይፈቀድለትም። ከእሷ ቀድሞ የመጨረሻውን መስመር ቢረግጥ ውጤቷ ይሰረዛል። እሷ ያላትን ሁሉ አውጥታ ስትሮጥ እሱ ከእሷ በላይ አቅም ተርፎት፣ እየተናገረ፣ እያሰበ፣ ሰው እየተከላከለ መሮጥ አለበት። ስለዚህ የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረች ሴትን የሚመራ ወንድ ራሱ ጎበዝ ሯጭ መሆን ግድ ነው። የደቁ ልጅ በዱላው ጫፍ «ድንጋይ»፣ «ቁልቁለት» እያለ ይሠራው የነበረውን ሥራ ክንዱ በአራት ደቂቃ ተኩል ውስጥ በዚያ ፍጥነት ሠራው።

ገመዱ ምን ያህል ከባድ ሕግ እንደሆነ በዚያው ፓሪስ በመጨረሻው ቀን ታይቷል። ስፔናዊቷ ኤሌና ኮንጎስት ማራቶኑን ሦስተኛ ሆና ልትጨርስ ጥቂት እርምጃ ሲቀራት መሪዋ በጡንቻ ቁርጥማት ተብረከረከ። እሷ ገመዱን ለቅጽበት ለቃ ልታነሣው ዘንበል አለች። ከኋላዋ ያለችው ተወዳዳሪ በደቂቃዎች ርቀት ላይ ነበረች፤ ማንም አልተጎዳም፤ ነሐሱ ግን በዚያን ቀን ተወሰደባት። ውሳኔው ጨካኝ ነበር። ቢሆንም ነገሩን በግልጽ ያሳየናል፤ በዚህ ስፖርት ሯጭ የሚባለው አንድ ሰው ሳይሆን በገመድ የተያያዙት ሁለቱ ናቸው። ዛሬ በፓራሊምፒክ ለመሪውም ሜዳሊያ የሚጠለቅለት ለዚህ ነው።

እስከዚህ የተነገረውን አንድ ጊዜ መለስ ብለን እንቁጠረው። ኢትዮጵያ ከፓሪስ ስትመለስ ሦስት የፓራሊምፒክ ወርቅና ሦስት ብር ነበራት። ከስድስቱ አምስቱ የዓይነ ስውራኑ ምድብ ናቸው። ሦስቱም ወርቅ የሴቶች ነው። ዱላ ይዞ የሚመራት ያጣችው፣ ከማኅሌቱ ሰልፍ የተከለከለችው ልጅ የሀገሪቱን የፓራሊምፒክ ወርቅ በሙሉ ይዛ መጣች።

ታሪኩ ከዚህ ወደ ጣና ሲመለስ ፍጥነቱን ያጣል። ፓሪስ ወርቁ በሚታደልበት ክረምት አማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በጦርነት ላይ ነበር። ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፤ ለዓይነ ስውር ልጅ ደግሞ የተዘጋ መንገድ ሁለት ጊዜ የተዘጋ ነው። ሰላም በነበረበት ጊዜም ቢሆን በክልሉ ተራ ትምህርት ቤት ውስጥ የዓይነ ስውር ተማሪ የስፖርት ክፍለ ጊዜ እንዴት እንደሚያልፍ ያየ ሰው ያውቀዋል። ጓደኞቹ ኳስ ይዘው ሜዳ ይወርዳሉ፤ እሱ የሁሉንም ደብተርና ጃኬት ይዞ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። የክፋት አይደለም። መምህሩ ሠላሳና አርባ ልጅ ያሯሩጣል፤ ለዓይነ ስውሩ የሚሆን ነገር አልተማረም፤ ቢወድቅብኝስ ብሎ ይፈራል።

የሚያሳዝነው ነገሩ ብዙ ወጪ አለመጠየቁ ነው። ቃጭል ያላት ኳስ ባትገኝ ኳሷን በፌስታል መጠቅለል ይቻላል፤ ስትንከባለል ትንኮሻኮሻለች፤ በብዙ ድሃ አገር ዓይነ ስውራን ልጆች እግር ኳስን የጀመሩት በዚህ ነው። በአቴንስ 2004 ፓራሊምፒክ የገባው የዓይነ ስውራን እግር ኳስም ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ አምስት ለአምስት ይጫወታሉ፣ ዓይን ያለው በረኛው ብቻ ነው፣ ኳስ ሊቀማ የሚመጣ ተጫዋች «ቮይ!» እያለ መጮህ ግዴታው ነው። ሩጫ ለመጀመር ከሯጩና ከመሪው ጫማ ሌላ አንድ ክር ይበቃል፤ አሮጌ የጫማ ማሰሪያ። ገመድ ዘላይዋ ልጅ ዓይን አያስፈልጋትም። ገና ሲደርስ የሚመታውን የገናን ሩር ለመከተል ጆሮ ባይበቃም ትግል ላይ ዓይን ብዙ ሥራ የለውም፤ አንዴ ከተያያዙ በኋላ የሚሠራው እጅና ወገብ ነው። ጁዶ ከዓይነ ስውራን የፓራሊምፒክ ስፖርቶች አንዱ የሆነው በዚሁ ምክንያት ሲሆን ተፋላሚዎቹ ተያይዘው ነው የሚጀምሩት።

ባሕር ዳር ደግሞ ለዚህ ነገር የተፈጠረች ከተማ ትመስላለች። ሜዳ ናት። ዘንባባ የተተከለባቸው ሰፋፊ መንገዶች አሏት። ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ በመሆኗ ሯጭ ትወልዳለች። ከኢትዮጵያ ከተሞች የብስክሌት ከተማ ተብላ የምትታወቀው እሷ ናት። ሁለት ሰው የሚነዳው ብስክሌት፣ ከፊት ዓይናማው ከኋላ ዓይነ ስውሩ የሚቀመጡበት፣ በፓራሊምፒክ ይወዳደሩበታል፤ ይህ ነገር በኢትዮጵያ ቦታ ቢፈለግለት ከባሕር ዳር የተሻለ አላውቅም። ዩኒቨርሲቲው የልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍልም የስፖርት አካዳሚም አለው። አንዱ ዓይነ ስውሩን ተማሪ ያውቀዋል፣ ሌላው አሠልጣኙን ያፈራል። ሁለቱ አንድ ቢሮ ቢቀመጡ ግማሹ ሥራ ያልቃል።

ደቅ ላይ መም አይጠበቅም። ያለው ውኃና መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የፓራሊምፒክ ስፖርት የሆነው የጀልባ ቀዘፋ በአንዱ ምድቡ ዓይነ ስውራንን ከሌሎች ጋር አቀላቅሎ ያሳፍራል፤ መሪው ተቀምጦ በድምፁ ያዛል፣ ቀዛፊዎቹ እሱ ያየውን እየሰሙ ይቀዝፋሉ። በደንገል ታንኳ ላይ ያደገ የደሴት ልጅ ይህንን ለመረዳት አሠልጣኝ ብዙም አያስፈልገውም፤ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ታላቅ ወንድም ይበቃዋል። ወደ ውድድሩ የሚያደርሰው መንገድ ግን ረጅም ነው። ደሴቱን ለቅቆ ባሕር ዳር መማር፣ ከዚያ በክልል ውድድር መታየት፣ ከዚያ አዲስ አበባ መግባት አለበት፤ በእያንዳንዱ ደረጃ ደግሞ አብሮት የሚንቀሳቀስ ሰው ያስፈልገዋል። የሚቆረጠው እዚህ ላይ ነው። ለሯጩ ጫማ ሲሰጥ መሪው ይረሳል፤ ለሯጩ አልጋ ሲያዝ መሪው ዘመድ ቤት ይደር ይባላል። ለራሱ መሮጥ የሚችል ወጣት የገዛ ጉልበቱን ዓመታት ለሌላ ሰው ሲሰጥ ደመወዝ፣ ልምምድና ስም ካላገኘ ትቶ መሄዱ የሚያስወቅሰው አይደለም። በእኔ ግምት ቀጣዩ የኢትዮጵያ የቲ11 ወርቅ የሚወሰነው በሯጭ እጥረት ሳይሆን በመሪ እጥረት ነው።

ስለዚህ ለክልሉና ለፌዴሬሽኖቹ ጥያቄው አንድ ነው፤ በጀት ስትይዙ ለዓይነ ስውሩ ሯጭ ሁለት ሰው ጻፉ። ለስፖርት መምህራኑም፦ ከሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ጀምሮ ያንን ልጅ ከዛፉ ሥር አንሡት፤ ጃኬቱን ሌላ ይያዝ። በየጠዋቱ በሐይቁ ዳር የምትሮጡ የባሕር ዳር ወጣቶች ደግሞ ከሰፈራችሁ አንድ ዓይነ ስውር ጎረቤት ፈልጉ፤ አንድ የጫማ ማሰሪያ ያዙ፤ በመጀመሪያው ቀን ተራመዱ፣ በሳምንቱ ሩጡ።